አረንጓዴው ብርቱካን ለምን ይጣፍጣል?

ኤረር ገበያ ገብታችሁ ከፍራፍሬ ሻጮቹ ፊት ቆማችኋል እንበል። ጆንያ ተነጥፏል፤ ብርቱካኑ በላዩ በመደብ በመደብ ተከምሯል። አብዛኛው አረንጓዴ ነው። አንዳንዱን ቢጫ ነካክቶታል። ሙሉ ለሙሉ ቢጫ የሆነ ከየመደቡ አንድ ሁለት ቢገኝ ነው። እጃችሁ ወደ የትኛው ይሄዳል?

ደጋ ያደገ ሰው እጁ ወደ ቢጫው ይሄዳል። የእኔም ሄዶ ነበር። ሻጯ እጃቸው በሂና የቀላ ትልቅ ሴት ነበሩ። "ዋላል (ወንድሜ)፣ እሱን ተወው" አሉኝና ከአረንጓዴዎቹ አንዱን አንስተው፣ በመዳፋቸው መዘን መዘን አድርገው፣ በቢላ ለሁለት ከፍለው ሰጡኝ።

"ገና አይደለም እንዴ፣ ኤዶ (አክስቴ)?"

"ቅመስ" ብቻ አሉኝ።

ቀመስኩ። ጣፋጭ ነው፤ ጥርስ የሚያጠርስ ኮምጣጣነት የለውም፤ ጭማቂው እስከ ክንዴ ወረደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብርቱካን ስገዛ የማምነው እጄን ነው። ዛሬ ያንን አረንጓዴ ብርቱካን እቤት አምጥተን፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ ምስጢሩን አብረን እንፈትሽ። ቢላ፣ አንድ ጆግ ውሃ፣ ሻማ፣ የልብስ መስቀያና ከገበያ የመጣውን ዘንቢል ይዘን እንጀምር።

ኤረርን ላላያችኋት፦ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በቀጥታ ቢለካ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የምትገኝ የባቡር ከተማ ናት። የጅቡቲው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ በኤረርና በጎታ በኩል ወደ ምዕራብ ቀጥሎ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። አገሩ ቆላ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ። ከሐረርጌ ተራሮች ግርጌ በመሆኗ ግን ውሃ አላት፣ ፍል ውሃም ጭምር። ቆላው ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ፓፓያ፣ ማንጎና ዘይቱን ያበቅላል። ፍል ውሃ ሊታጠብ የመጣ ሰው ፍራፍሬ ሳይዝ መመለስ አይሆንለትም።

ስሙም የራሱ ጉዞ አለው። ብርቱካን የምንለው ቃል ከዐረብኛው "ቡርቱቃል" የመጣ ነው፤ ዐረቦቹም ስሙን ያወጡት ከፖርቱጋል ነው። ጣፋጩን ብርቱካን ከምሥራቅ እስያ ወደ ሜዲትራኒያን አገሮች በብዛት ያመጡት የፖርቱጋል ነጋዴዎች ስለነበሩ ፍሬው በአገራቸው ስም ተጠራ። ሶማሊኛው ግን ጣዕሙን ይዞ ነው የሰየመው፤ "ሊን መዓን" ይለዋል፣ ጣፋጭ ሊን። ኮምጣጣው ሎሚ ደግሞ "ሊን ደናን" ነው። እንግዲህ ሶማሊኛ ተናጋሪው ገበያተኛ ፍሬውን በጠራው ቁጥር ስለ ጣዕሙ ያወራል፤ ስለ ቀለሙ ቃል አይወጣውም። ትክክልም ነው።

አሁን ወደ ልጣጩ እንምጣ። የብርቱካን ልጣጭ ለጋ ሳለ የቅጠል ዘመድ ነው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የሚባል ንጥረ ነገር በልጣጩም ውስጥ አለ፤ የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለ ይሠራል። ከዚህ አረንጓዴ ሥር ቢጫና ብርቱካንማ ቀለም ተደብቋል። በጋቢ የተሸፈነ ሰው አስቡ፤ ጋቢው ካልተገፈፈ የለበሰው ሸሚዝ ምን ዓይነት እንደሆነ አይታወቅም።

ጋቢውን የሚገፈው ማነው? መብሰል ይመስለናል። ዋናው ገፋፊ ግን ብርድ ነው። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየወረደ ሲደጋገም ክሎሮፊሉ ይፈርሳል፤ ቢጫውም ይወጣል፣ እየደመቀም ይሄዳል። ሌሊቱ ሞቃት በሆነበት አገር ግን ዛፉ "ብርድ መጣ" የሚል መልእክት አይደርሰውም፤ አረንጓዴውን ልብስ የሚያወልቅበት ምክንያት የለውም። ውስጡ በስሎ፣ ስኳሩ ሞልቶ፣ ልጣጩ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል።

ኤረር ሌሊቱን ደጅ ተኝታችሁ የምታውቁ ይህን በቆዳችሁ ታውቁታላችሁ። አንሶላ እንኳ የሚከብድበት ሌሊት ብዙ ነው። ብርቱካኑም እንደ እናንተው ነው፤ አልበረደውም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ነው ቢጫ የሚነካካው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይጥማል። ያው የሌሊት ሙቀት ሌላም ሥራ ይሠራል።

ፍሬ ዛፍ ላይ ሳለ ይተነፍሳል። የምተርትላችሁ ተረት አይደለም፤ እንደ እኛው ኦክስጅን ያስገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፣ ለዚህም ማገዶ ያቃጥላል። ብርቱካን ከሚያቃጥላቸው ማገዶዎች አንዱ ያ ጥርስ የሚያጠርሰው ኮምጣጣ ነገር፣ ሲትሪክ አሲድ ነው። ምድጃ ሲግል ከሰሉ ቶሎ እንደሚያልቅ ሁሉ፣ ሌሊቱ ሲሞቅ ፍሬው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ አሲዱም በቶሎ ይመናመናል። ቀን ቀን ቅጠሎቹ የሠሩት ስኳር ይገባል፤ ሌሊት ሌሊት አሲዱ ይነዳል። ስኳሩ የሚጎላው ተቀናቃኙ ስለደከመ ነው።

ስለዚህ ልጣጩን አረንጓዴ ያስቀረው ሙቀትና ውስጡን ያጣፈጠው ሙቀት አንድ ናቸው። በቆላ ገበያ የብርቱካን አረንጓዴነት የጥሬነት ምልክት ሳይሆን የሞቃት ሌሊት ማኅተም ነው። ይህን ሳውቅ የኤዶ ቢላ ትዝ አለኝ። እሳቸው ስለ ክሎሮፊል አልነገሩኝም፤ ግን ዕድሜ ልካቸውን ትክክል ነበሩ።

አንድ ልጨምር። በስሎ ቢጫ የሆነ ብርቱካን ዛፉ ላይ ከቆየና ሙቀቱ ከተመለሰ፣ ልጣጩ እንደገና ወደ አረንጓዴ ሊመለስ ይችላል። ውስጡ ወደ ጥሬነት አይመለስም፤ ጋቢውን መልሶ ደረበ ማለት ነው። በዓይኑ የሚገዛ ሰው ይህን የመሰለውን ጣፋጭ ፍሬ ጥሎት ይሄዳል።

ታዲያ ቀለም ካልነገረን ምን ይነግረናል? ክብደት። ኤዶ ብርቱካኑን በመዳፋቸው ሲመዝኑ ያደረጉት እሱን ነው። ሁለት እኩል የሚመስሉ ብርቱካኖች አንሱ፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ መዳፍ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። አንዱ እጃችሁን ወደ ታች ይጎትታል፤ በውስጡ ጭማቂ ሞልቷል። ሌላው በመጠኑ እንደዚያው ትልቅ ሆኖ ቀለል ካለ፣ ቦታውን የያዘው ወፍራም ልጣጭ፣ የደረቀ ሥጋና አየር ነው።

መዳፋችሁን ካላመናችሁ ቤት ውስጥ ሚዛን ሥሩ። የልብስ መስቀያ በሚስማር ወይም በበር እጀታ አንጠልጥሉ። በሁለቱ ጫፍ አንዳንድ ፌስታል እሰሩ። በክር ወገባቸውን ለክታችሁ እኩል የሆኑ ሁለት ብርቱካኖች ምረጡና አንድ አንድ ክተቱ። መስቀያው ያጋደለበትን መጀመሪያ ጭመቁት፤ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ብርጭቆ አስቀምጣችሁ አወዳድሩ።

ብርቱካኖቹን ከመጭመቃችሁ በፊት ግን ቦታ ለዋውጧቸው፤ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ። ሚዛናችሁ ሐቀኛ ከሆነ ከባዱ በሄደበት በኩል ያጋድላል። ብርቱካኖቹ ተለዋውጠውም መስቀያው እንደ ድሮው በአንድ በኩል ብቻ ካጋደለ፣ ጥፋቱ የመስቀያው ነው፤ አንዱ ክንዱ ረዝሟል ወይም ከብዷል። ይህች ዘዴ ገበያ ላይ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ፊትም ትሠራለች። ድንጋዩንና ሽንኩርቱን ቦታ አለዋውጦ ማየት ነው። በደግነት ጠይቁ፤ ሐቀኛ ነጋዴ በዚህ አይከፋም።

አሁን ጆጉን ውሃ ሙሉት። አንድ ያልተላጠ ብርቱካን ጣሉበት። ይንሳፈፋል። አውጡት፣ ላጡት፣ ያንኑ ብርቱካን መልሳችሁ ጣሉት። አብዛኛውን ጊዜ ይሰምጣል!

ልጆች ካሉ ይህን እነሱ ይሥሩት፤ መጀመሪያ ግን ይገምቱ። ብዙ ልጅ "ሲላጥ ስለሚቀል ይንሳፈፋል" ይላል። ቀልሏል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከልጣጩ ሥር ያለው ነጭ ሽፋን በጥቃቅን የአየር ጉድጓዶች የተሞላ ነው፤ እንደ ስፖንጅ። ወንዝ የሚሻገር ሰው ወገቡ ላይ ባዶ ጄሪካን እንደሚያስር ሁሉ ብርቱካንም ዙሪያውን አየር ታጥቋል። ጄሪካኑን ስትፈቱበት ይሰምጣል። ያ ነጭ ሽፋን ፍሬው ከዛፍ ሲወድቅ ፍራሽ፣ ፀሐይ ሲከር ደግሞ እንደ ጎጆ ሣር ክዳን ሙቀት መከላከያ ነው። በጣም የወፈረ ከሆነ ግን ለገዢ ኪሳራ ነው፤ በብርቱካን ዋጋ አየር ገዛችሁ።

ስለዚህ ልጣጩ ለስላሳና ጠበቅ ያለ፣ ቀዳዳዎቹ ደቃቅ፣ ለመጠኑ ከባድ የሆነውን አንሱ። አናቱ ላይ፣ ከቅርንጫፉ ጋር የተያያዘበት ቦታ፣ ትንሽ አረንጓዴ ቁልፍ መሳይ ነገር ካለ ፍሬው ከዛፉ ከወረደ ብዙ አልቆየም። ቁልፏ ጠቁራ ወይም ወድቃ ከሆነ ሰንብቷል። አረንጓዴ ሁሉ ደግሞ በስሏል ማለቴ አይደለም። ትንሽ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ልጣጩ ሻካራና ቀላል የሆነው በእውነትም ገና ነው። እሱን ተዉት።

መተው ያለባችሁም በምክንያት ነው። ብርቱካን አንዴ ከተቆረጠ አይጣፍጥም። "እቤት ይደርሳል" ብሎ ጥሬ ብርቱካን የገዛ ሰው ሳምንት ጠብቆ ያንኑ ኮምጣጣ፣ ትንሽ የተጨማደደ ብርቱካን ያገኛል። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ሙዙና ቲማቲሙ ግን ከተቆረጡ በኋላም መብሰላቸውን ይቀጥላሉ። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ሙዝ ስኳሩን የሚያስቀምጠው በስታርች መልክ ነው። ስታርች እንደ ጎተራ እህል ነው፤ ሙዙ ከተቆረጠ በኋላም ከጎተራው እያወጣ ስኳር ይሠራል። ብርቱካን ጎተራ የለውም። የዕለት ጉርሱን በየቀኑ ከቅጠሉ የሚቀበል ስለሆነ፣ ከዛፉ ሲለይ ገቢው ይቋረጣል።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ለቁስል የሚሆን አዮዲን ከመድኃኒት ቤት ግዙ። ከጥሬ ሙዝ አንድ ቁራጭ፣ በደንብ ከበሰለ ሙዝ አንድ ቁራጭ፣ ከብርቱካን ሥጋ አንድ ቁራጭ ሳህን ላይ አስቀምጡና በየላያቸው አንዳንድ ጠብታ ጣል አድርጉ። ጥሬው ሙዝ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል፤ አዮዲን ስታርች ሲያገኝ የሚሰጠው ቀለም ነው። የበሰለው ሙዝ በጥቂቱ ይነካካዋል። ብርቱካኑ ላይ አዮዲኑ ቡናማ እንደሆነ ይቀራል ወይም ይደበዝዛል። ከሙከራው በኋላ ቁርጥራጮቹን ጣሏቸው፤ አይበሉም።

ለጥሬው ሙዝ "ጎተራህን ክፈት" የሚለውስ ማነው? አሁን የምነግራችሁ ነገር ከሁሉ የሚደንቀኝ ነው።

በእኛ አገር ሙዝ ነጋዴዎች ጥሬ ሙዝ በዝግ ክፍል ውስጥ አስገብተው ላምባ ያጨሱበታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ካሊፎርኒያም ሎሚ አምራቾች አረንጓዴ ሎሚ ዝግ ቤት ውስጥ ከተው በላምባ ምድጃ ያሞቁት ነበር። ሎሚው ቢጫ ይሆናል። ሁሉም "ሙቀቱ ነው ያበሰለው" ብለው አመኑ። ኋላ ግን ምድጃው ቀርቶ ንጹሕ ማሞቂያ ሲገባ ሎሚው አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ሙቀቱ ያው ነው፤ የጎደለው ጭሱ ነበር።

ከጭሱ ውስጥ ሠራተኛው የትኛው እንደሆነ የለየው ፍራንክ ዴኒ የሚባል ተመራማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ኤቲሊን የሚባል ጋዝ መሆኑን አሳየ። ጋዙ በዕፅዋት ላይ ሥራ እንዳለው ከዚያም በፊት፣ በ1901፣ ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ ደርሶበታል። በመብራት ጋዝ አጠገብ የበቀሉ የአተር ቡቃያዎች የሚጣመሙት በዚሁ ጋዝ ነበር። በ1934 ደግሞ ሪቻርድ ጌን የሚባል እንግሊዛዊ ፍሬ ራሱ ይህን ጋዝ እንደሚሠራ አረጋገጠ። ፍሬዎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ሽታ የሌለው ያህል ስስ ጋዝ ማለት ነው። አንዱ በሳይ ለጎረቤቱ "ጊዜው ደርሷል" ይለዋል። ጎረቤቱም ሰምቶ እሱም ጋዝ ያወጣል።

ሙከራው ቀላል ነው። ከአንድ መደብ የተገዙ፣ እኩል ጥሬ የሆኑ ሁለት ማንጎዎች ውሰዱ። አንዱን ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ አፉን እጠፉት። ሌላውን ብቻውን በሌላ ከረጢት አድርጉ። ሁለቱንም አንድ መደርደሪያ ላይ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡና ቀኑን ከረጢቱ ላይ ጻፉ። ፌስታል አትጠቀሙ፤ ላብ ይይዝና ይሻግታል።

ይህን ያወቀ ሰው የገበያ ዘንቢሉን በሌላ ዓይን ያየዋል። ለዛሬ ምሳ የሚሆነውን ፓፓያ በስሎ፣ ለሐሙስ የሚሆነውን ግን ልጣጩ ላይ አንድ ቢጫ መስመር ብቻ ሲታይበት መግዛት ይቻላል፤ ቀሪውን እቤት ይጨርሰዋል። እንዲቆይላችሁ የምትፈልጉትን ጥሬ ቲማቲም ከበሰለ ሙዝ ጎን አታሳድሩት። ዘይቱን ሽታው ቤቱን ሲሞላ ሰዓቱ ደርሷል ማለት ነው፤ ነገ አትበሉ፣ ዛሬ።

ብርቱካንም ኤቲሊን ሲነካው ዝም አይልም። ልጣጩ ቢጫ ይሆናል፣ ያ ጋቢ ይገፈፋል፤ ጣዕሙ ግን ቅንጣት አይለወጥም። ታላላቅ የብርቱካን ነጋዴዎች ገዢ ቢጫ ስለሚወድ ብቻ አረንጓዴውን የበሰለ ብርቱካን በኤቲሊን ክፍል ያሳድሩታል። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ሌሊቷ ሞቃት ስለሆነ ልጣጩን ቀለም መቀባትም በሕግ ተፈቅዶ ቆይቷል። ያን ሁሉ ድካም የሚያመጣው የገዢ ዓይን ነው። ኤረር ላይ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ገዢው አረንጓዴውን ያውቀዋል።

ልጣጩን ሳትጥሉት አንድ ነገር እናድርግ። ሻማ ለኩሱ፤ ክፍሉን ጨለም አድርጉት። አንድ ትኩስ የልጣጭ ቁራጭ በሁለት ጣት ይዛችሁ፣ ውጪውን ወደ ነበልባሉ አዙራችሁ፣ ቁርጥ አድርጋችሁ እጠፉት። ጠስ ጠስ ይላል፤ ትንንሽ ብልጭታዎች ይበራሉ። በልጣጩ ላይ የምታዩዋቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው የዘይት ከረጢት ናቸው። ዘይቱ በአብዛኛው ሊሞኒን የሚባል ነው፤ ነፍሳትን የሚያባርር የፍሬው ዘብ ነው፣ እሳትም ይወዳል። ልጆች ብቻቸውን አይሥሩት፤ ዓይንም እንዳይነካ። የተነፋ ፊኛ ካላችሁ ይህንኑ ዘይት ፊኛው ላይ ጨምቁበት፤ ጎማውን ስለሚያሟሟው ብዙ ጊዜ ይፈነዳል። የተረፈውን ልጣጭ ሻይ ውስጥ ጨምሩት፤ ያ መዓዛ ያው ዘይት ነው።

ጭስ ካነሳን፣ ከብርቱካን ሻጮቹ አለፍ ብላችሁ የግመል ወተት ከሚሸጡት ሴቶች ዘንድ ቁሙ። ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል። አንዳንድ ሰው "አሮበት ነው" ብሎ ያልፈዋል፤ አላረረም። አርብቶ አደሮቹ ወተቱን ከማለባቸው በፊት ዕቃውን በተመረጠ እንጨት ፍም ያጥኑታል። ጭሱ ከዕቃው ግድግዳ ላይ ወተት የሚያበላሹ ጀርሞችን የሚያዳክም ስስ ሽፋን ይተዋል። የግመል ወተት ራሱም ጀርም የሚከላከሉ ፕሮቲኖች ስላሉት በሙቀት ከላም ወተት የተሻለ ይቆያል። ጭስ ለሙዙ "ፍጠን" ይለዋል፤ ለወተቱ "ቆይ" ይለዋል። አንድ ገበያ ላይ፣ አሥር እርምጃ ባልሞላ ርቀት!

ወደ ቤት መመለሻው ሌላ ፈተና ነው። ፀሐዩ ሳይከር በጠዋት መግዛት የሚመከረው ለእናንተ ብቻ አይደለም፤ ፍሬው ሲሞቅ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ዕድሜው ያጥራል። ቅጠላ ቅጠል ሻጮች በዕቃቸው ላይ እርጥብ ጆንያ የሚጥሉት ለዚህ ነው። የቆላ ሾፌሮችም የውሃ ጄሪካናቸውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ከመኪናው ውጪ ያንጠለጥላሉ።

ሞክሩት። ሁለት የላስቲክ ጠርሙሶች እኩል ውሃ ሙሉ። አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ሁለቱንም ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚመታበት ቦታ አስቀምጡ። ጨርቁ ሲደርቅ አርጥቡት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሁለቱን ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉ። ውሃ ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ሙቀቱን የሚወስደው ደግሞ ከጨርቁና ከጠርሙሱ ነው። ከታጠባችሁ በኋላ ነፋስ ሲነካችሁ የሚበርዳችሁ በዚሁ መንገድ ነው። አየሩ ደረቅ በሆነ ቁጥር ተኑ ይፈጥናል፣ ቅዝቃዜውም ይጨምራል። ስለዚህ የኤረር ደረቅ ሙቀት ለእርጥብ ጆንያ ምቹ ነው፤ ወበቅ ባለበት የባሕር ዳርቻ ግን ጆንያው ይህን ያህል አይረዳም።

ብርቱካኑን ግን አታርጥቡት። ልጣጩ ላይ የራሱ ሰም አለ፣ ውሃውን አምቆ ይይዝለታል። ሲረጥብ፣ በተለይ በታሰረ ፌስታል ውስጥ፣ ሻጋታ ይይዘዋል። ዘንቢል ብትይዙ ይሻላል። ሰሌኑ መካከል ያሉት ቀዳዳዎች የሽመና ጉድለት አይደሉም፤ ፍሬው የሚተነፍስባቸው መስኮቶች ናቸው። ከባዱን ብርቱካን ከታች፣ ፓፓያውን ከላይ፣ የበሰለውን ሙዝ ደግሞ በሌላ እጃችሁ።

በሚቀጥለው ጊዜ ኤረር ስትሄዱ መደቡ ፊት ጎንበስ በሉና አረንጓዴውን አንሱ። በመዳፋችሁ መዝኑት። ቁልፏን እዩ። ከዚያ ሒሳቡን ከፍላችሁ "ኤዶ፣ መርቁልኝ" በሉ። አንድ ይጨምሩላችኋል፤ እሱንም መዝነው እንደሚሰጧችሁ አትጠራጠሩ።

እቤት ደግሞ መደርደሪያው ላይ ሁለት ከረጢቶች እየጠበቋችሁ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሁለቱንም ክፈቱና ማንጎዎቹን በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ሞክሯቸው፤ መጀመሪያ ብቻውን የከረመውን።